የፈንታሌ ዋስ

በእኛ አገር የተማረ ሰው የማይፈቀድለት አንድ ነገር ቢኖር «አላውቅም» ማለት ነው። ያልተማረ ሰው «አላውቅም» ሲል ትሑት ይባላል፤ የተማረው ሲል ግን «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?» ነው የሚባለው። ነርስ ከሆንክ የሰፈሩ ሐኪም ነህ። የሕግ ተማሪ ከሆንክ፣ ገና አንደኛ ዓመት ላይ ብትሆንም፣ በአጥር የተጣሉ ጎረቤታሞች በርህን ያንኳኳሉ። ሬዲዮ የሚጠግን ሰውማ የአውሮፕላን ሞተር ነገር ሲነሳ ዝም ካለ ኮርቷል ማለት ነው። እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። የደረሰብኝን ስሙኝ።

አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር የጂኦግራፊ መምህር ሆኖ መኖር ምን ማለት እንደሆነ ያልኖረበት አይገባውም። ዝናብ ሲዘገይ ተጠያቂው እኔ ነኝ። በረዶ ጥሎ የሰው ቆርቆሮ ሲበሳ «ምነው ቲቸር፣ ቀደም ብለህ አትነግረንም ነበር?» እባላለሁ። ቦሌ የሚያርፈው አውሮፕላን ዛሬ ለምን በእኛ ጣሪያ ላይ ዞረ? ሲኤምሲ በኩል የጠቆረው ደመና ወደ እኛ ይመጣል ወይስ ወደ ኮተቤ ይሄዳል? ሁሉም እኔ ጋ ይመጣል። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ ይለኝ ነበር። እጄን ከኪሴ አውጥቼ፣ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ወደ ሰማይ አየት ሳደርግ፣ ደመናው ራሱ ፈቃድ የሚጠይቀኝ ይመስለኝ ነበር። ይኸው አመሌ ነው ጣጣ ውስጥ የከተተኝ።

ግን ወደ ጣጣው ከመግባቴ በፊት ስለ ትዕግስት ልንገራችሁ። ትዕግስት አደባባዩ አጠገብ በነበረ ፎቶ ቤት ትሠራ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩት ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ልነሳ ነው። «አገጭህን ቀና አድርግ፤ እስቲ ትንሽ ፈገግ» አለችኝ፤ ፈገግ አልኩ፤ ከዚያ ፈገግታ መመለስ አቃተኝ። ከዚያ ወዲያ ጉርድ ፎቶ የማያስፈልገው ጉዳይ ጠፋብኝ። ለቀበሌ ተነሳሁ፣ ለቤተ መጻሕፍት ተነሳሁ፣ አባል ላልሆንኩበት የስፖርት ክበብ ሳይቀር ተነሳሁ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ጉርድ ፎቶ የነበረው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። በመጨረሻ ራሷ አዘነችልኝና፣ «ቲቸር፣ ፊትህ እኮ ካለፈው ሳምንት አልተለወጠም፤ ፊልም ከምትጨርስብኝ ሻይ ጋብዘኝ» አለችኝ። ነገራችን በዚሁ ተጀመረ።

እንቅፋቱ ማን ነው? አባቷ አትሉም? ልክ ናችሁ። ግን ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ጋሽ ወልዴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳቢ እየጎተቱ በረሃ ለበረሃ ሲመላለሱ ኖረው፣ ሚስታቸው በልጅነቷ ስታርፍ አንድ ልጃቸውን ትዕግስትን ብቻቸውን አሳድገው፣ ጡረታ ወጡ። ጡረታ የወጣ ሰው የሚያርፍ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ጋሽ ወልዴ በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ አንድ የሚወዱት ቦታ ነበራቸው፤ መተሐራ። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ጥግ፣ ፈንታሌ ተራራ ግርጌ፣ ዋናው መንገድ ዳር ቦታ ይዘው፣ ሆቴል ሊሠሩበት ቆርጠዋል። ሆቴሉ ገና መሠረቱ ሳይቆፈር እኛ ሰፈር ያለን ሰዎች ክፍሎቹን አንድ በአንድ እናውቃቸዋለን። ተሳቢ የሚዞርበት ሰፊ ግቢ አለው። በረሃ የጠበሰው ሾፌር የሚታጠብበት ቀዝቃዛ ውሃ አለው። ንጹሕ አንሶላ አለው። ግቢው ውስጥ የማንጎ ዛፍ አለ። «እኔ በሾፌርነቴ የተመኘሁትን ሁሉ እዚያ አስገባዋለሁ» ይላሉ፤ ከዚያ ዓይናቸው እየበራ፣ «ካሸሯ ደግሞ ትዕግስት ናት!» ብለው ይጨርሳሉ።

ለእርሳቸው የንግግሩ ማሳረጊያ ነው፤ ለእኔ ፍርድ ነው። ትዕግስት መተሐራ ከሄደች እኔ እዚህ ምን ቀረኝ? መቅረት የምትችል መስሎኝ «አንቺ እንኳ ቅሪ እንጂ» ብዬ አንድ ጊዜ ጠየቅኳት። «አባቴ እኔን ብቻውን አሳድጎ፣ እኔ እሱን ብቻውን ልተወው?» አለችኝ። ሽማግሌ ልላክ አስብና፣ በኪራይ ቤት የሚኖር ጎረምሳ መምህር «ልጅዎን ይስጡኝ፤ እርስዎ ግን ይሂዱ» ብሎ እንዴት ይልካል እያልኩ እተወዋለሁ። እንዲህ ሳመነታ ዲሽ መጣ።

ያኔ ደርግ ወድቆ፣ ዲሽ የሚባለው ነገር በየሆቴሉና በየካፌው ጣሪያ ላይ ብቅ ብቅ ማለት የጀመረበት ሰሞን ነው። የእኛም ሰፈር ካፌ አስገባ። ከዚያ በኋላ አንድ ማኪያቶ አዝዞ ግማሽ ቀን የሚቀመጥ ሰው በዛ፤ ባለካፌው ደስ አላለውም፤ እኛ ግን የዓለም ሰዎች ሆንን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳሱ አለቀና ጣቢያው ሌላ ነገር አመጣ። አሜሪካ ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ ብሔራዊ ፓርክ ያሳያል፤ ፍል ውሃው ወደ ሰማይ ይተኮሳል፣ ጎሹ ይግጣል፣ ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳል። ደግሞ አንድ ጺማም ፈረንጅ ይመጣና እጁን እያወናጨፈ ይናገራል። ካፌው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። «ቲቸር፣ ምንድን ነው የሚለው?»

አስተረጎምኩላቸው። ከፓርኩ ስር እሳተ ገሞራ አለ አልኳቸው። «የቱ ጋ?» አሉኝ። የቱ ጋ ብሎ ነገር የለም፤ ፓርኩ ራሱ ነው እሳተ ገሞራው፤ ጎሹም ቱሪስቱም የቆሙት በላዩ ላይ ነው። ይህን ስል ካፌው እንዴት እንደተነሳ ብታዩ! ሰው ወንበሩን ጎትቶ ተጠጋ። ሳምቡሳ የያዘው በአየር ላይ ቀረ። «ይፈነዳል ወይ?» ሲሉኝ፣ «ዛሬ ነገ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል፤ ሲፈነዳ ግን አገር ምድሩን አመድ ነው የሚያለብሰው እያለ ነው» አልኳቸው። ኧረ ጉድ! ኧረ ምን ዓይነት ነገር ነው! ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። አንዱ «አሜሪካ እኮ ትንሽ ነገር አታውቅም፤ እሳተ ገሞራዋም ትልቅ ነው» አለ በአድናቆት። ዲቪ የሞላ ጎረምሳ ግን ፊቱ ጠቁሮ፣ ፓርኩ በየትኛው ስቴት እንደሆነ በቶሎ እንድነግረው ይለምነኛል። እስቲ ፍረዱኝ፣ ሩቅ አገር እንዳለ አደጋ የሰውን ልብ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ? ያን ለት ካፌው ሠርግ ቤት ሆኖ ነበር።

ችግሩ አንዱ፣ ክፋት ሳያስብ ነው የተናገረው፣ «እኛ አገር እንደዚህ ያለ ነገር የት ይገኛል!» አለ።

የት ይገኛል? የት ይገኛል! ደሜ ፈላ። የአገሬ ክብር በሃያ ሁለት ካፌ ውስጥ ሲዋረድ ዝም ልበል? «የለንም ያለህ ማን ነው?» ብዬ ተነሳሁ። ስምጥ ሸለቆ የሚያህል ነገር ይዘን? የስኳር ዕቃውን ወደ ራሴ ሳብኩና ጠረጴዛው ላይ ስኳር ከምሬ ተራራ ሠራሁ፤ በጣቴ ጫፉን ጎድጎድ አደረግኩት። ይኸውላችሁ ፈንታሌ አልኳቸው። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ! እሳተ ገሞራ ነው፤ ሳላውም ከርከሮውም የሚግጠው ግርጌው ላይ ነው። ተኝቷል እንጂ አልሞተም። መተሐራ ስታልፉ መንገዱ ዳር የምታዩት ጥቁር ድንጋይ ምን ይመስላችኋል? ከሆዱ የወጣ ነው። ጎኑ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚታየው እንፋሎትስ? ትንፋሹ ነው። ፍል ውሃውስ? በሰቃ ሐይቅስ ዝም ብሎ እየሰፋ መንገዱን የሚጠጋው? እያልኩ ስሄድ ሰውነቴ ጋለ፤ የሐይቁን ነገርማ እኔም በደንብ አላውቀውም፤ ግን የሚያቆመኝ ጠፋ። ካፌው «ወይኔ አገሬ!» እያለ በኩራት ያብጣል። ከአሜሪካ ጋር እኩል ወጥተን ነበር።

ከኋላ ጥግ በኩል አንድ ረጋ ያለ ድምፅ፣ «ይፈነዳል?» ሲል ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ ጋሽ ወልዴ ናቸው። ማኪያቷቸው ቀዝቅዟል፤ ዓይናቸው ከስኳሩ ተራራ ላይ አልተነቀለም።

እዚህ ላይ እግዜር ምስክሬ ነው፣ አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገርኩም። «ሊፈነዳ ይችላል» አልኩ። «መቼ?» አሉኝ። «ነገም ሊሆን ይችላል፤ ከሺህ ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል» አልኩ። ሳይንሱ የሚለው ይኸንኑ ነው። ጋሽ ወልዴ ኮፍያቸውን አነሱና፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ።

እንግዲህ «ሺህ ዓመት» የሚለውን ይዞ ከካፌ የሚወጣ ሰው አለ? ማን ይሸከመዋል? «ነገ» የሚለውን ነው ሁሉም ይዞ የሮጠው። ወሬው ሲኤምሲ ሲደርስ ቀን ተቆርጦለታል። ቦሌ ሲደርስ ፈረንጆች በአውሮፕላን መጥተው አይተውታል። ቡልቡላ የደረሰ ለትማ አንድ ገበሬ ጭሱ ሸተተኝ ብሎ ሰፈር ቀሰቀሰ፤ ለካስ ጎረቤቱ ገለባ እያቃጠለ ኖሯል። የእኛ ሰፈር ሰው ደግሞ ብልህ ነው፤ ስኳር የሚመጣው ከመተሐራ አይደል? የሐጂ ሰይድ ሱቅ ስኳር በአንድ ጠዋት አለቀ። ሐጂ ሰይድ ወሎዬ ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ ነው የተከራየሁት። ያን ጠዋት ሲያገኙኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ስለ ጨው የምታውቀው ነገር የለህም?» አሉኝ።

እኔስ? እኔማ በደስታ ልበር! ጋሽ ወልዴ ግንበኞቹን አሰናበቷቸው፣ መሠረቱ ቀረ፣ ሆቴሉ ቀረ የሚለውን ስሰማ በልቤ እልል አልኩ። ትዕግስት ቀረች ማለት ነው! ፈንታሌ፣ ውለታህን በምን ልመልስ? እኔ ሽማግሌ ሳልልክ አንተ ተራራው ሽማግሌ ሆነህ ሄድክልኝ ማለት ነው እያልኩ፣ ፀጉሬን አበጥሬ ወደ ፎቶ ቤቱ ገሰገስኩ።

ትዕግስት ግን አልሳቀችም። ካሜራውን እየወለወለች፣ ቀና ሳትል፣ አባቷ ካፌ ከዋሉ ወዲህ እህል በወጉ እንዳልቀመሱ ነገረችኝ። ወንበር ወደ ደጅ አውጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ስትጠይቃቸው፣ «በዚያ ተራራ ስር ዕድሜዬን ሙሉ አልፌ አንድ ቀን ክፉ አላየሁበትም ነበር፤ አሁን ዓይኔን ስጨፍን እሳት ነው የሚታየኝ» ይሏታል። «አንተን ምን እንደሚሉህ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላወቅኩም። «ሟርተኛ። ያ ሟርተኛ እያሉ ነው ስምህን የሚጠሩት። አሁን ሽማግሌ ብትልክ ውሻ ነው የሚለቁባቸው።» ውሻ የላቸውም ልላት አስቤ ተውኩት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «የተናገርኩት እውነት እኮ ነው» ስላት፣ «እውነትማ ነው፤ ግን አንተ የተናገርከው ካፌ ለማስደሰት ነው፤ እሱ የሰማው ሕልሙን ይዞ ነው» አለችኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አበው፤ የእኔ ነገር ደግሞ አፋፍ ላይም አልቆመም፣ ተራራ ነው የወጣው። ትዕግስትን አስቀራት ያልኩት ወሬ ትዕግስትን ሊያስከለክለኝ ነው። ያን ለት እንደ ፈራሁ ፈርቼ አላውቅም። ተራራ ቢፈነዳ ሰው ይሸሻል፤ ትዕግስት እምቢ ብትባል እኔ ወዴት እሸሻለሁ?

ሐጂ ሰይድ ሱቅ ገብቼ ጉዳዬን ዘረገፍኩት። ሚዛኑን ወደ ጎን አድርገው አዳመጡኝና፣ «አብሽር!» አሉ። «ሽማግሌ ማለት ታዲያ ለምን ተፈጠረ? ነገር ሲበላሽ አይደል?» የእድራችንን ሊቀ መንበርና አንድ ጡረተኛ የመቶ አለቃ ጨመሩ። እኔም ከመሄዳቸው በፊት ሦስቱንም አስቀምጬ አስጠናኋቸው። ተራራው መቼ እንደሚፈነዳ የሚያውቅ የለም በሏቸው፤ ምናልባት እኛም የልጅ ልጆቻችንም አናየውም በሏቸው፤ አይፈነዳም ግን እንዳትሉ፣ ሳይንስ እንደዚያ አይልም አልኳቸው። ሦስቱም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሐጂም ኩፊያቸውን አስተካክለው ሄዱ። እኔ ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶ ላይ ማኪያቶ እየደረብኩ ጠበቅኳቸው።

ሲመለሱ ከሩቅ ፊታቸው ይበራል። ሦስቱም እየተሻሙ ነገሩኝ። ጋሽ ወልዴ «ቁጭ በሉ» ቢሏቸው፣ በደንቡ መሠረት «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ሐጂ ሰይድ በምሳሌ አዋዝተው አቀረቡት። ጋሽ ወልዴ ሰሙና፣ «ልጁን አልጠላውም፤ ምግባረ ጥሩ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ነገር ግን ተራራዬን ወሰደብኝ። መጀመሪያ ፈንታሌ አይፈነዳም የሚል ዋስ ጥሩልኝ፤ የልጄን ነገር ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አሉ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የእኛ አገር ሽማግሌ ዋስ ያልሆነለት ነገር አለ? ሚስቱን ያስቀየመ ባል «ዳግመኛ አይለምደውም» ተብሎ ዋስ ይቆምለታል። ሰው የተሳደበ ጎረምሳ፣ መኪና የገጨ ሾፌር፣ ጣቢያ ያደረ ሰካራም፣ ሁሉም በሽማግሌ ዋስትና ነው የሚወጣው። ሽማግሌ «ዋስ» የሚለውን ቃል ሲሰማ እጁ ሳያዝዘው ይነሳል። ስለዚህ ሐጂ ሰይድ ምን አሉ መሰላችሁ? «ዋስ ነው የጠፋ? እኛ ዋስ ነን!» ሁለቱም ተከትለው፣ «ነን!» አሉ። ዋስ የሆኑለት ሰው ሳይሆን ተራራ መሆኑ ትዝ ያላቸው ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው። የመቶ አለቃው ነገሩን ለማለዘብ አፋቸውን ሲከፍቱ ሐጂ እግራቸውን ረገጧቸው። ጋሽ ወልዴ ግን ፊታቸው ፈታ አለ፤ አስቀመጧቸው፣ መረቋቸው፣ ለመጪው እሑድ ልጁን ይዛችሁ ኑ ብለው ቀጠሩ።

እኔ ጮህኩ። «ሐጂ፣ ለእሳተ ገሞራ ዋስ ሆናችሁ?» ስል ካፌው ዞሮ አየን። ሐጂ ሰይድ ቅንጣት አልደነገጡም። ማኪያቶዬን ሳብ አድርገው ቀመሱና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱኝ። «የኔ ልጅ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ለማይሆን ነገር ዋስ አልሆንም። አስበው። ካልፈነዳ እኛ ተመሰገንን፣ አንተም አገባህ። ከፈነዳ ደግሞ መተሐራ ላይ ማን ተርፎ መጥቶ ይከሰናል? እኛ እዚህ ሃያ ሁለት ነን። ወላሂ፣ እንደዚህ ያለ ዋስትና በዕድሜዬ ገጥሞኝ አያውቅም።» ምን ትሏቸዋላችሁ? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲህ ያለ ሒሳብ አልተማርኩም።

እሑድ ደረሰ። የተዋስኩት ኮት ትከሻው ላይ ሰፋ እያለኝ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ኋላ ገባሁ። ጋሽ ወልዴ በአክብሮት ተቀበሉን፤ ትዕግስት ለስላሳ አቀረበችና በሩ ደፍ ላይ ቆመች። ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። «ዋስ ሆናችሁልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። በእናንተ ዋስትና ግንበኞቹን መልሼ ጠርቻለሁ። ነገር ግን እኔ የመንገድ ሰው ነኝ። በመንገድ ላይ ስንት ዋስ አይቻለሁ፤ ነገር ሲበላሽ ዋሱ የለም። ሩቅ ያለ ዋስ ዋስ አይደለም። ስለዚህ ከሦስታችሁ አንዳችሁ መተሐራ መጥታችሁ፣ ተራራው ስር አብራችሁኝ ትቀመጡልኛላችሁ። ማን ይመጣል?»

ሐጂ ሰይድ ሳል ያዛቸው፤ ሲለቃቸው ሱቁን የሚጠብቅ ሰው አለመኖሩን ተናገሩ። የእድሩ ሊቀ መንበር፣ እርሳቸው ከሌሉ ድንኳን የሚተክል የለም፣ ሰፈሩ ቢሞትም አይቀበርም አሉ። በሁለት ጦር ሜዳ የተዋጉት የመቶ አለቃ ደግሞ ቆላ ለደም ግፊታቸው እንደማይስማማ ሐኪም መክሯቸው ኖሯል። ከዚያ ሦስቱም፣ ሳይማከሩ፣ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ወደ ትዕግስት አየሁ። እኔ ቀናት ሙሉ ሳሰላ የነበረው እሷ እዚህ እንድትቀር ነው፤ እኔ ወደዚያ መሄድ የምችል መሆኑ ግን አንድም ቀን በሐሳቤ አልመጣም፤ ይገርማችኋል? መሬት ሁሉ በካርታ ላይ ያለ የሚመስለው ሰው እንዲህ ነው። ተነሳሁ። «ጋሽ ወልዴ፣ አልዋሽዎትም» አልኩ። «ያ ተራራ ምን እንደሚያስብ ማንም አያውቅም። አይፈነዳም ብዬ ልምልልዎት አልችልም። ቢፈነዳ ግን እኔም እዚያው ነኝ፤ ከእርስዎና ከትዕግስት ጋር።»

ጋሽ ወልዴ ተነስተው ትከሻዬን ያዙ። «እሱ ነው ዋስ ማለት» አሉ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ «ሰጥቻለሁ!» ሲሉ ትዕግስት ፊቷን በሻርፕዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች፤ እኔም እንባዬ መጣብኝ፤ የመቶ አለቃው ደግሞ ደም ግፊታቸውን ረስተው ዘለው አቀፉኝ። ያን ቀን ደስታዬን የሚችል ኮት አልነበረም፤ ያ ሰፊው ኮት እንኳ ጠበበኝ።

ተጋባን። መተሐራ ዝውውር ጠየቅኩ፤ ወደ ቆላ ልሂድ ብሎ የሚጠይቅ መምህር አይተው ስለማያውቁ በማግስቱ ነው የፈቀዱልኝ። ሆቴሉ ተሠራ። ተሳቢው ግቢው ውስጥ ይዞራል፣ ሾፌሩ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ማንጎው በቅሏል፣ ካሸሯ ትዕግስት ናት። እኔ ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ፊቴን እየታጠብኩ ወደ ፈንታሌ አየት አደርጋለሁ፤ እሱም እንፋሎቱን ቡፍ ያደርግልኛል። በሬ ካራጁ ይውላል ይባል የለ? ለምዶብናል። አዲስ ሾፌር መጥቶ፣ «ይህ ተራራ ይፈነዳል የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ጋሽ ወልዴ በኩራት ወደ እኔ ይጠቁማሉ፤ «ዋሱ ያውና፤ እሱን ጠይቁት።» እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «እኔ እያለሁ?» እላለሁ። ሾፌሩ ተረጋግቶ ጥብሱን ያዝዛል፤ ትዕግስት ከካሸር ጠረጴዛው ኋላ ሆና ሳቋን ታፍናለች።

አልፎ አልፎ አዲስ አበባ ስመጣ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ጎራ ሳልል አልመለስም። አቅፈው ይስሙኛል፤ ትዕግስትን ይጠይቃሉ፣ የወለድነውን ልጅ ይጠይቃሉ፣ ጋሽ ወልዴን ይጠይቃሉ። ከዚያ ግራና ቀኝ አየት አየት ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሱስ እንዴት ነው?» ይሉኛል። «ደህና ነው፤ ተኝቷል» እላቸዋለሁ። «አልሐምዱሊላህ!» ይላሉ። «እንግዲያው አንድ ቀን መጥተው ሆቴላችንን ይዩልን እንጂ፤ ዋና ዋሳችን እኮ እርስዎ ነዎት» ስላቸው፣ ሚዛኑን መወልወል ይጀምሩና፣ «ኢንሻአላህ እመጣለሁ፣ የኔ ልጅ፤ እንዴት እቀራለሁ? ብቻ መጀመሪያ ይፈንዳና ይውጣለት» ይሉኛል።